አንድ ሰው ስንት ልብ ይመዝናል?

ክብደቱን አውቃለሁ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «በምን?» ብዬ ነው። ብዙ ሰው ጥያቄው አይገባውም። «በሚዛን ነዋ» ይለኛል፣ እንደ ሞኝ እያየኝ። እኔም እንደ ሞኝ አየዋለሁ። እንዲሁ ተያይተን እንለያያለን። ሚዛን ቁጥር የሚናገር ዕቃ ነው፤ በምን ቋንቋ እንደሚናገር ያልጠየቀ ሰው ግን ምን እንደተባለ አያውቅም። ይህን የተማርኩት ፍኖተ ሰላም ነው፣ በክረምት፣ በጾመ ፍልሰታ፣ ጓደኛዬን ይስማውን ከሥራ ላስቀረው ጥቂት ሲቀረኝ። «ከሥራ ላስቀረው» የሚሉት ሌሎች ናቸው። እኔ «ሥራ ላስገባው» እላለሁ። ነገሩ አንድ ነው፤ የሚለየው ከየት በኩል ቆማችሁ እንደምታዩት ነው።

ያን ጊዜ ገጣሚ ነበርኩ። አሁንም ነኝ፤ ያን ጊዜ ግን ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። አሥረኛ ክፍል ላይ ትምህርት እኔን ትቶ ሄደ፤ ከዚያ በኋላ ያገኘሁትን ሁሉ፣ ስኳር የተጠቀለለበትን ወረቀት ሳይቀር እያነበብኩ ራሴን አስተማርኩ። የቸገረኝ አድማጭ ነበር። በእኛ ከተማ ለአንድ ሰው «ግጥም ላንብብልህ» ስትሉት ወዲያው በሬው ይጠፋበታል። በሬ የሌለው ሰው እንኳ በሬ ይጠፋበታል።

መፍትሔው የተገኘው አክስቴ እትዬ የሰራሽ ቤት፣ ጠላ ጋን አፍ ላይ ነው። እትዬ የሰራሽ ጓሮ ያለችውን ክፍል ለአንዲት እንግሊዝኛ አስተማሪ ፈረንጅ አከራይተው ነበር። ፈረንጅዋ ወደ አገሯ ስትመለስ ከተወቻቸው ዕቃዎች አንዱ ነጭ፣ ጠፍጣፋ፣ ሰው የሚቆምበት ሚዛን ነው። አክስቴ ከሱ የተሻለ የጋን መክደኛ አላገኙም። እኔ ግን ባየሁት ጊዜ መድረክ ሆኖ ታየኝ። አጠብኩት፣ ወለወልኩት፣ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ካለ ሱቅ በረንዳ ላይ አስቀመጥኩትና በካርቶን ላይ «ክብደትዎን ይወቁ፤ ግጥም በነጻ» ብዬ ጻፍኩ።

ሚዛን ላይ የቆመ ሰው አይሸሽም፤ መርፌው እስኪረጋ መቆም አለበት። መርፌው የሚረጋው ደግሞ የእኔ ግጥም ሲያልቅ ነው።

አሁን ወደ ፊደሉ ልምጣ። መርፌው ከሚዞርበት ክብ መሐል ሁለት የፈረንጅ ፊደላት ተጽፈዋል፤ ኤል እና ቢ። ኪሎ ቢሆን ኖሮ ኬ እና ጂ ይጻፍ እንደነበር ከማዳበሪያ ጆንያ ላይ አንብቤ አውቃለሁ። ይህ ግን ኤል፣ ቢ ነው። ደጋግሜ አነበብኩት። ከፊትም ሆነ ከጎን ሲያነቡት አንድ ነገር ብቻ ነው የሚለው፦ ልብ።

ሌላ ሰው ቢሆን ይደናገር ነበር። እኔ አልተደናገርኩም። ኪሎ ለዕቃ ነው፤ ሰው ግን ልብ ስላለው በልብ ይመዘናል። ስሙ ነው እንጂ የሚለያየው ቁጥሩ ያው ነው። ከዚህ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ይህን ሐሳቤን ያጸኑልኝ መሪጌታ ላቀው ናቸው። መሪጌታ ቅኔ የሚያስተምሩ፣ አንድ ቃል ሲሰሙ ሁለተኛውን ትርጉም ሳያገኙ የማያልፉ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ጭራቸውንና ጃንጥላቸውን አስይዘውኝ ሚዛኑ ላይ ወጡ።

«ምን ይላል?» አሉኝ።

«መቶ አምሳ ልብ፣ የኔታ።»

«መቶ አምሳ ምን?»

ነገሩን አስረዳኋቸው። ሚዛኑ ላይ እንደቆሙ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «እንዲያ ከሆነ» አሉ፣ «ኪሎ ‹አንተ› ነው፤ ልብ ደግሞ ‹እርስዎ› ነው ማለት ነው። ዕቃን አንተ ይሉታል፣ ሰውን እርስዎ ይሉታል።»

ከዚያ በኋላ ማን ሊያቆመኝ ነው? ለጠየቀኝ ሁሉ «ልብ የኪሎ አክብሮት ነው» እያልኩ መመለስ ጀመርኩ። ከመቶ በታች የሚመዝን ሰው አለመኖሩን ያነሱብኝ ነበሩ፤ ለእነሱም መልስ አላጣሁም። አንድን ሰው «እርስዎ» ስንለው ይበዛ የለም? አክብሮት ባለበት ቁጥር መጨመሩ አይቀርም። ማንም አልተቀየመም። በእኛ አገር «ከብደሃል» መባል ምርቃት ነው። አጥር ተደግፈው የሚሄዱ ሽማግሌ መቶ አሥር ሲባሉ አጥሩን ለቀው ሲራመዱ አይቻለሁ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ይስማው በረንዳው ሥር ዝናብ ተጠልሎ ይስቃል። ይስማው ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ የመጣ የገበሬ ልጅ ነው። የአባቱ መሬት ለወንድማማቾቹ ሲከፋፈል ለእሱ የደረሰው ድንበሩ ብቻ ነው። ክረምቱ ሲያልቅ መተማ ወርዶ ሰሊጥ ከማጨድ በቀር የሚሄድበት አልነበረውም። ታላቅ ወንድሙ ከእሱ በፊት መተማ ወርዶ ነበር። በወባ ቢጫ ሆኖ ተመለሰና እስከ ዛሬ፣ ፀሐይ በወጣች ቁጥር ደጃፍ ላይ ይቀመጣል፤ ፀሐይዋ ግን አታሞቀውም።

በዚያ ሰሞን መናኸሪያው ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ቡሬ ውስጥ አዲስ ለተሠራ የእህል መጋዘን ጥበቃዎች ይፈለጋሉ፤ ጤነኛ፣ ጥፋት የሌለበት፣ ክብደቱ ከሃምሳ አምስት ኪሎ ያላነሰ፣ ከሰባ አምስት ኪሎ ያልበለጠ፤ የክብደት ፈተናው ጾሙ ሳይፈታ ነው። ይስማው አስነበበኝ። ከዚያም ደግሜ እንዳነብለት አደረገኝ። «ሰባ አምስት» ስል ዓይኑ ወደ ሚዛኑ ሄደ።

«ውጣ» አልኩት።

ወጣ። መርፌው ዞረ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ረጋ። መቶ ሃያ ስድስት።

ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ ይስማው ጎኑን ሲሰጣችሁ ከኋላው ያለው ሱቅ ሳይጋረድ ይታያል። ቀበቶው ላይ በሚስማር የተበሱ ቀዳዳዎች ከፋብሪካው ቀዳዳዎች ይበልጣሉ። ይስማው ራሱን ከላይ እስከ ታች ተመለከተ። እጁን ሆዱ ላይ አደረገ። ሆዱን አላገኘውም።

«እኔ ወፍራም ነኝ እንዴ?» አለኝ።

«ውፍረት ሌላ፣ ክብደት ሌላ» አልኩት። «ሚስማር ወፍራም ነው? ያንተ አጥንት ነው። አጥንትህ ጠጣር ነው።»

«ከአባቴ ነው» አለ፣ በኀዘን።

ከመቶ ሃያ ስድስት ወደ ሰባ አምስት መውረድ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። እኔ ግን ሥራን በመጠኑ አልፈራውም። ፈተናው እስኪደርስ የተቻለንን እናወርዳለን፤ የቀረውን መዛኙ ጥረታችንን አይቶ ይተወናል ብዬ ወሰንኩ። ጾሙም ረዳን። ከቅዳሴ መውጫ በኋላ ግማሽ እንጀራ፣ ያለ ሽሮ። ጠዋት ከላህ ወንዝ እስከ መናኸሪያው በጭቃ ሩጫ፣ በዝናብ የራሰ ጋቢ ተደርቦ። ጋቢውን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ የራሰ ጋቢ ሰውን እንደሚያቀልል ከየት እንዳገኘሁት አሁን አላስታውስም።

ከተማው ነገሩን የራሱ አደረገው። ይስማው ከላህ ሽቅብ ሲመጣ ባለሱቆች ብቅ እያሉ ያበረታቱት ነበር። መርፌው ወደ መቶ ሃያ አራት ሲወርድ አጨበጨቡ፤ ወደ መቶ ሃያ አንድ ሲወርድ አንዲት ሴት እልል አለች። እናቱ ግን ከገጠር በሰው በኩል መልእክት ሰደዱብኝ። ልጃቸውን ከተማ ውስጥ የሚፍቀው ሰው አናጢ እንደሆነ ጠይቀው ነበር አሉ።

መቶ አሥራ ስምንት የደረሰ ዕለት ይስማው ሚዛኑ ላይ ቆሞ ትንሽ ወደ ግራ አዘነበለ። አይዞህ ለማለት ይህችን ገጠምኩለት፦

ሥጋህ ቢቀልብህ ምን ያስጨንቅሃል፣
መቶ ልብ ተርፎህ በሆድ ይዘሃል።

መሪጌታ ላቀው በዚያ ሲያልፉ ሰምተው ቀጥ አሉ። ጃንጥላቸውን አጥፈው ዝናቡ እየመታቸው፣ «‹ቢቀልብህ› ውስጥ ‹ልብህ›ን ሰውረሃታል» አሉኝ። እኔ ምንም አልሰወርኩም። ቢሆንም እንዲህ ዓይነት ነገር ሲሰጣችሁ አትመልሱም፤ ራሴን ዝቅ አድርጌ እጅ ነሣሁ። ይስማው ከላይ ሆኖ፣ «ልውረድ ወይ?» አለ። ረስተነው ነበር።

ነገሩ የተበላሸው፣ እኔ ግን የበራ የምለው፣ እትዬ የሰራሽ አንድ ኩንታል በቆሎ የገዙ ዕለት ነው። ጋሪው ደጃፍ ድረስ አመጣውና ባለጋሪው ከአንድ ጫፍ፣ ይስማው ከሌላው ጫፍ ይዘው ሊያስገቡ ተነሡ። ደፉ ላይ ሲደርሱ ይስማው ጉልበቱ ከዳው። ወደቀ። ኩንታሉም ተከተለውና እግሩ ላይ ተኛ። እኔና ባለጋሪው ጎትተን አወጣነው።

ይስማው ተቀምጦ ጆንያውን ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። ሰው ሲርበው ማሰብ ይጀምራል።

«ኩንታል ስንት ኪሎ ነው?» አለኝ።

«መቶ።»

«እኔስ ስንት ነኝ?»

«መቶ አሥራ ስምንት። በርታ፣ ደህና ወርደሃል።»

«እንግዲያው የምከብደው እኔ ነኝ። ታዲያ እሱ እንዴት እኔን ጣለኝ?»

ለሁሉም ነገር መልስ ያለኝ ሰው ነኝ፤ ለዚህም ነበረኝ። በቆሎው የተመዘነው በኪሎ ነው፣ አንተ በልብ፤ ልብህን ስለጣልክ ነው የጣለህ ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ከአፌ የወጣው ሌላ ነገር ሆነ፦ «እስቲ እሱንም በልብ እንመዝነው።»

ሚዛኑን አመጣን። ጆንያውን አቁመን ጫንበት። መርፌው መቶን አለፈ፣ መቶ ሃምሳን አለፈ፣ እየዞረ ሁለት መቶ ሃያ ላይ ቆመ። እትዬ የሰራሽ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው ነጋዴውን መመረቅ ጀመሩ፤ የአንዱን ዋጋ ከፍለው ሁለት የሰጣቸው መስሏቸው ነው። ባለጋሪው ደግሞ ይህን ያህል ጭኖ የመጣ ፈረሱን በአዲስ ዓይን ያየው ጀመር።

በእኔ ጭንቅላት ውስጥ ግን ነገሮች ቦታ እየያዙ ነበር። በቆሎን ማን እርስዎ ይለዋል? አክብሮት አይደለም ማለት ነው። መቶ ኪሎ ሁለት መቶ ሃያ ከሆነ አንዱ ኪሎ ሁለት ልብ ከምናምን ነው። ወደ ኪሎ ለመመለስ የልቡን ግማሽ መውሰድ፣ ከግማሹ ላይ ደግሞ አሥራት ማውጣት ነው። ሁለት መቶ ሃያ፤ ግማሹ መቶ አሥር፤ አሥራቱ አሥራ አንድ፤ የቀረው ዘጠና ዘጠኝ። አንዷን ኪሎ ነጋዴው በልቷታል ብላችሁ ተዉት። ይህን ስሌት ማንም አላስተማረኝም፤ እስከ ዛሬም ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

በይስማው ላይ አሰላሁት። መቶ አሥራ ስምንት፤ ግማሹ ሃምሳ ዘጠኝ፤ አሥራቱ ሲወጣ ሃምሳ ሦስት። ሃምሳ አምስት ያልሞላ አይቀጠርም። ከዚያ፣ ባላደርገው ይሻል ነበር፣ መቶ ሃያ ስድስትን አሰላሁ። ሃምሳ ሰባት ግድም መጣ። ይስማው የመጀመሪያው ቀን፣ ምንም ሳይሮጥ፣ ሽሮውን እየበላ፣ ልክ ነበር።

ጮክ ብዬ አስልቼ ኖሮ ሁሉም ሰምቷል። አክስቴም በዚህ መሐል አንድ ነገር ትዝ አላቸው። ፈረንጅዋ ጠዋት ጠዋት ሚዛኑ ላይ እየወጣች፣ «ፓውንድ ጨመርኩ» እያለች ታለቅስ ነበር፤ የእኔ ኤል፣ ቢ ለካ ፓውንድ ኖሯል።

«እኔማ የእንግሊዝ ገንዘብ መስሎኝ» አሉ እትዬ የሰራሽ፤ «ገንዘብ ጨምራ የምታለቅስ ሰው አይቼ አላውቅም ብዬ ተገርሜ ዝም አልኩ።»

ይስማው አልመታኝም። ለመምታት የሚሆን ጉልበት አልነበረውም። እግሩን ሲያሽ ቆየና ቀና አለ።

«ወንድሜን አይተኸዋል» አለኝ። «እኔ መተማ አልወርድም። ክብደቴን መልስልኝ።»

እንዲህ ያለ ነገር ሰው ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነበር። ፈተናው ደርሷል፤ የቀረን አንድ ሙሉ ቀንና ማግስቱ ጠዋት ብቻ ነው። ቢሆንም አሁን እውነተኛው ስሌት በእጄ ነው፤ መቶ ሃያ አራት ብናደርስ በኪሎ ከሃምሳ አምስት በላይ ነው፤ እዚያ ካደረስኩት ማንም አይነካውም። የቸገረን ጾሙ ነው። ወተት የለ፣ ቅቤ የለ፣ ሥጋ የለ። እትዬ የሰራሽ ድንች በድስት ቀቀሉ። ሽሮው በኑግ ተሠራ። በሶ ተበጠበጠ። ይስማው ከቅዳሴ መውጫ ጀምሮ ይበላል፣ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ አበረታታለሁ። ተነሥቶ እንዳይራመድ ከለከልኩት፤ መራመድ ያባክናል። ሲያወራ ራሱ ቆጨኝ፣ ዝም በል አልኩት። አመሻሹ ላይ ስንመዝነው መቶ ሃያ አንድ። ግማሹ ስልሳ ከግማሽ፤ አሥራቱ ሲወጣ ሃምሳ አራት ከምናምን። ይስማው ድንቹን አየው፤ ድንቹም የሚያየው ይመስል ነበር። ከዚያ በላይ አልገባለትም አለ።

የቀረን የሚጠጣ ነገር ነው። ተልባ። የተልባ ውኃ ከባድ ነው፤ ሆድ ውስጥም እንደ እንግዳ ተመቻችቶ ይቀመጣል። ችግሩ ፈተናው ጠዋት ነው፤ ጠዋት ተልባ መጠጣት ጾም መግደፍ ነው። ይስማው ደግሞ በዚህ አይቀልድም። መሪጌታ ላቀው ዘንድ ሄደን ነገሩን አዋየናቸው። እሳቸው ጭራቸውን ወዲያና ወዲህ አወዛወዙ።

«በሽተኛ መድኃኒት ቢጠጣ ጾሙን ፈታ አይባልም» አሉ በመጨረሻ።

«እኔ አልታመምኩም፣ የኔታ» አለ ይስማው።

«ድህነት በሽታ አይደለም ብሎ የጻፈ ሊቅ እስከ ዛሬ አላገኘሁም» አሉት። «ካገኘህ አሳየኝ።»

ይስማው ለማግኘት አልሞከረም። ጠዋት የእትዬ የሰራሽን ትልቁን ጣሳ በተልባ ሞልቶ ጠጣ። ቀጥሎ ደገመ። ሚዛኑ መቶ ሃያ አምስት አለ። እኔ አንዱን ልብ ለመንገድ ብዬ ይዤ፣ ረክቼ፣ ሚኒባስ ላይ አሳፍሬው እኔም አብሬው ተሳፈርኩ።

ቡሬ ለሌላ ሰው ቅርብ ናት። ሁለት ጣሳ ተልባ ለጠጣ ሰው ግን እያንዳንዷ ጉድጓድ ራሷን የቻለች አገር ናት። ይስማው የፊቱን መቀመጫ በሁለት እጁ ይዞ፣ ዓይኑን ከሩቅ አንድ ተራራ ላይ ተክሎ ተጓዘ። ላጫውተው ሞከርኩ። «ውኃ ያለበት ነገር አታንሣብኝ» አለኝ። ዝናቡ የሚኒባሱን ጣሪያ እየመታ ነበር።

መጋዘኑ ግቢ ስንደርስ ሰልፉ ረጅም ነው። ከፊት፣ ጆንያ የሚመዘንበት የብረት ሚዛን ላይ አንድ ሸበቶ ሰው የሚዛኑን ተንሸራታች ብረት ወዲያና ወዲህ ይገፋሉ። የእኛ ተራ ሊደርስ ሲል ከፊታችን ያለው ልጅ ጫማዬን ላውልቅ አላውልቅ ብሎ መከራከር ጀመረ። ይስማው እጄን ያዘኝ። የያዘኝን ምልክት ለሳምንት ይዤው ዞሬያለሁ።

«ልሂድና ልምጣ» አለኝ በሹክሹክታ።

ግማሹን፣ አሥራቱን፣ ሁሉንም በጭንቅላቴ አሰላሁ። ከግንቡ ጀርባ አንድ ጊዜ ደርሶ ቢመለስ ሃምሳ አምስት ላይ አይቆምም። «አይሆንም» አልኩት፤ «አሁን የያዝከው ውኃ አይደለም፣ ሥራ ነው።»

ተራው ደረሰ። ሚዛኑ ላይ የወጣው እንደ ሙሽራ፣ አንድ እግሩን አንሥቶ፣ አስቦ፣ ሌላውን አስከትሎ ነው። ሸበቶው ሰው ብረቱን ገፉት፣ መለሱት፣ ጥቂት ወደፊት ነካ አደረጉት።

«ሃምሳ አምስት ከግማሽ» አሉ። «ይሆናል። ውረድ።»

ይስማው አልወረደም።

«ውረድ እንጂ፣ ልጄ።»

«እወርዳለሁ፣ አባባ። በቀስታ ነው የምወርደው።»

ሽማግሌው ቀና ብለው ፊቱን አዩት። ከፊቱ ወደ ሆዱ ወረዱ። የግንባሩን ላብ አዩ፣ የተጣበቁ ጉልበቶቹን አዩ። እኔ መጥቼ ነገሩን በግጥምም ቢሆን ላስረዳ አንድ እርምጃ ተራመድኩ፤ እሳቸው ግን እጃቸውን ከፍ አድርገው አስቆሙኝ። ብረቱን በቀስታ ወደ ዜሮ መለሱት።

«መጸዳጃው ከግንቡ ጀርባ ነው» አሉት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ስትመለስ በዚህ በኩል አትምጣ፤ በዚያኛው በር ግባና ስምህን አስመዝግብ። እኔ አንተን መዝኛለሁ። አንድን ሰው ሁለት ጊዜ እንድመዝን አልታዘዝኩም።»

ይስማው ወረደ። የሞላ እንስራ እንደተሸከመ ሰው፣ ቀጥ ብሎ፣ ግቢውን አቋርጦ ከግንቡ ጀርባ ጠፋ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ወደ መጋዘኑ ጣሪያ አንሥተው ቆርቆሮውን በጥሞና ያዩ ጀመር። ሰልፉም ቆርቆሮውን አየ። ብዙ ቆየ። በጣም ብዙ ቆየ። ከዚያ ይስማው በዚያኛው በር በኩል ብቅ አለ፣ እግሩ መሬት የማይነካ ይመስል ቀለል ብሎት፣ ስሙን ከነአባቱ ጮክ ብሎ እየተናገረ። ስንት ኪሎ እንደቀለለ ማንም አልጠየቀም። እኔም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አላሰላሁም።